ሕፃናት ጥበቃዎቹ «በአስማሚ እንነጋገር» አሉን፤ ልግባበት ወይስ ፍርድ ቤቱን ልጠብቅ?

የልጆቹ አክስት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

የታናሽ እህቴ ሁለት ልጆች እኔ ጋ ከመጡ ሰባት ወር ሆናቸው። ሴቷ 9 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ 4 ሊሞላው ነው። እህቴ መጠጥ ውስጥ ገብታ ነበር። አንድ ማታ በር ቆልፋባቸው ወጥታ ሳትመለስ አደረች። ጎረቤት የትንሹን ለቅሶ ሰምቶ ደወለ፤ የሕፃናት ጥበቃ ሰዎች መጥተው በዚያው ሌሊት እኔ ቤት አደረሷቸው። ትንሹ በአንድ እግሩ ብቻ ካልሲ አድርጎ ነበር። ያ ካልሲ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ይቀጠራል፣ እንደገና ይቀጠራል። እህቴ ሕክምና ጀምራለች፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ተለውጣለች። «ልጆቼን መልሱልኝ» ትላለች። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ «ገና ነው» ይላል። እኔ መሐል ላይ ነኝ። ለእሷ ሳዝን ለልጆቹ እፈራለሁ፤ ለልጆቹ ስፈራ ደግሞ እሷን የከዳኋት ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ዳኛ ፊት ከመከራከራችን በፊት በአስማሚ ለመነጋገር ፈቃደኛ ነን ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እህቴ ደስ ብሏታል። እኔን ግን ጨነቀኝ። የልጅ ደህንነት እንዴት ለድርድር ይቀርባል? «አንተ ትንሽ ቀንስ፣ አንቺ ትንሽ ጨምሪ» የሚባልበት ነገር አይደለም እኮ። «ሽምግልና» ሲባል ደግሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው «ተይው፣ ለልጆቹ ስትይ ቻይው» የሚለው ነው። ለልጆቹ ሲባል ተብሎ የተቻለው ነገር ልጆቹን ራሳቸውን ሲጎዳ አይቻለሁ።

ያያችሁት ካለ ንገሩኝ። ጥሩውንም መጥፎውንም።

አስማሚ የነበርኩ

እህቴ፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ለዓመታት በዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚመጣ ሰው ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ሽማግሌ ሲገባ ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ «ጥፋቱ ያንተ ነው» ይላል፣ አንዳንዴም ይወስናል። አስማሚ ይህን አያደርግም። ማን አጠፋ አይልም፤ ልጆቹ ይመለሱ አይመለሱ ብሎም አይፈርድም። እህትሽን «ይቅር በሏት» የሚል ከሆነ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው። የሱ ድርሻ ሰዎቹ በደንብ እንዲደማመጡ ማድረግና የተስማሙበት ነገር በማያሻማ ቋንቋ እንዲጻፍ ማገዝ ነው። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ እንዳለ ዳኛው ጋ ይመለሳል።

ለድርድር የሚቀርበው ምኑ ነው ላልሽው፣ ልጆቹ ደህና ይሁኑ አይሁኑ የሚለው ጠረጴዛው ላይ አይወጣም። እሱ ያለቀ ነገር ነው። ንግግሩ «ደህና ሆነው እንዴት» የሚለው ላይ ነው። እናት በሳምንት ስንት ቀን ታያቸው? ብቻዋን ወይስ ሰው ባለበት? ሕክምናዋን እየተከታተለች መሆኗ በምን ይታወቃል፤ ማንስ ለማን ያሳውቃል? እሷ ጋ ማደር የሚጀምሩት መቼ ነው? አንድ ቀን ተመልሳ ብትጠጣስ ያን ዕለት ምን ይደረጋል? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ችሎት ላይ ብዙም አይነሳም፤ እናትየው እዚያ «አልጠጣም» ከማለት ሌላ መልስ መስጠት አትችልማ። ጠበቃዋም እሺ አይላትም። ጥሩ አስማሚ ባለበት ክፍል ውስጥ ግን «ብሸነፍስ?» ብላ ጮክ ብላ ማሰብ ትችላለች። ለእኔ የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

አዲስ ሙከራም አይደለም። በሕፃናት ጥበቃ ጉዳይ ላይ በካሊፎርኒያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች፣ ወደ ካናዳም ተዛመተ። የተስማማችሁበት ወረቀት ደግሞ ዳኛው ጋ ቀርቦ ይታያል። ለልጆቹ አይጠቅምም ብሎ ካመነ አልቀበልም ማለት ይችላል።

ከስብሰባው በፊት አስማሚው እያንዳንዳችሁን ለየብቻ ማነጋገር አለበት። ይህን ካላደረገ ጠይቂው። ፍርሃትሽን ሁሉ እዚያ ንገሪው። ካልሲውንም ጭምር።

ጉዳይ ያዥ

እኔ በሌላኛው ወገን ነኝ፤ የሕፃናት ጥበቃ ሶሻል ወርከር ነኝ። ስለ እኛ ሰው የሚያስበውን አውቃለሁ፤ ከፊሉም እውነት ነው።

ችሎት ምን እንደሚመስል ከኔ ወንበር ልንገራችሁ። ምስክር ሆኜ እቆምና ስለ አንዲት እናት የማውቀውን መጥፎ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ እናገራለሁ። የቆሸሸው ሰሃን፣ ባዶው ጠርሙስ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ያልሄደባቸው ቀናት። እሷ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ያው እኔ በሯን አንኳኩቼ «እንዴት ነሽ፣ ላግዝሽ» እላታለሁ። እስቲ ማን ነው የሚከፍትልኝ? ብትከፍትልኝስ ለምን እውነቱን ትነግረኛለች?

በአስማሚ ስንነጋገር ያው መጥፎ ነገር ይነገራል። አይሸፋፈንም። ግን ፊት ለፊት ለራሷ ነው የምነግራት፤ እሷም ትመልስልኛለች። አንዴ አንዲት እናት «ያን ቀን ሰሃኑን ያየህበት ምክንያት ውኃ ለሦስት ቀን ስለጠፋ ነው፤ አልጠየቅከኝም» አለችኝ። አልጠየቅኳትም። ሪፖርቴ ላይ ሰሃኑ አለ፣ ውኃው የለም።

አክስት፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትሄጂ ለእህትሽ ብለሽ እኛን አትዋጊ፤ እኛን ፈርተሽም እህትሽን አትጣያት። አንቺ ልጆቹን በየቀኑ የምታዪ ብቸኛዋ ሰው ነሽ። ትንሹ ሌሊት የሚነቃ ከሆነ፣ ከጉብኝት በኋላ ሁለት ቀን የማይበላ ከሆነ ወይም በተቃራኒው ከጉብኝት በኋላ ደህና የሚተኛ ከሆነ፣ ያን እኛ አናውቀውም። ዛሬ ጀምረሽ በደብተር ጻፊው።

አባት ነኝ

ሁሉም ሲያሞግሰው ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ገብቼበት ተቃጥያለሁ።

ሦስት ጊዜ ተቀመጥን። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው ልጅ ትሑት ናት፣ ታዳምጣለች፣ ትጽፋለች። አንድ ነገር ላይ ልንስማማ ስንል ግን «አለቃዬን ልጠይቅ» ትላለች። በሚቀጥለው ስብሰባ «አልተፈቀደም» ብላ ትመጣለች። እንደገና ከዜሮ። በዚህ መሐል አራት ወር አለፈ። ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ አራት ወር ለሱ ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ሲጀመር ሲያየኝ ይሮጥ ነበር። በመጨረሻው ላይ አሳዳጊዋ እግር ሥር ይሸጎጥ ጀመር።

በስተመጨረሻ የፈረምኩት ወረቀት ደግሞ «አባት ተገቢ የሆነ ጉብኝት ይኖረዋል» ይላል። ተገቢ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ በሳምንት ሦስት ቀን መስሎኝ ነበር። እነሱ በወር ሁለቴ ብለው ተረጎሙት። ተመልሰን ፍርድ ቤት።

ምክሬ አጭር ነው። ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ሰው እዚያው መወሰን ይችላል ወይ? ካልቻለ የሚችለው ሰው ይምጣ፤ ቢያንስ ስልክ ላይ ይጠብቅ። ወረቀቱ ላይ «ተገቢ»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «በተቻለ መጠን» የሚሉ ቃላት ካያችሁ አትፈርሙ። ቀን ይጻፍ። ሰዓት ይጻፍ። ማን ያመጣል፣ ማን ይመልሳል ይጻፍ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሆነ 12 ሰዓት ይባል።

አስማሚ የነበርኩ

ወንድሜ፣ አዝናለሁ። የነገርከን ሁሉ እውነተኛ ችግር ነው፤ የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሰው የተቀመጠበት ማስማማት የሰው ጊዜ ማባከን ነው። በልጅ ጉዳይ ላይ ጊዜ ማባከን ደግሞ ራሱ ጉዳት ነው። እኔ ብሆን በሁለተኛው ስብሰባ አቆመው ነበር።

ዝም ያልኩ እናት

እኔም ልጨምር። እኔ እንኳን ባልገባበት ይሻለኝ ነበር።

የቀድሞ ባሌ ይመታኝ ነበር። ልጆቹ የተወሰዱትም በዚያ ምክንያት ነው፤ «ልጆቹን ከሱ አልጠበቅሽም» ተብዬ። ከዚያ ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ምንም ክፉ ቃል አልተናገረም። እስክሪብቶውን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያደረገ ይመታ ነበር። ቤት ውስጥ ከመናደዱ በፊት እንዲያ ያደርጋል። አስማሚዋ አታውቅም፤ እንዴት ታውቃለች? እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተጠየቅኩትን ሁሉ እሺ አልኩ። ሁሉም ሰው «እንዴት ሰላማዊ ስብሰባ ነበር» ብሎ ተለያየ።

ለብቻዬ አስቀድሞ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

የወላጆች ጠበቃ

ዝም ያልኩ እናት፣ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። በእርስዎ ላይ የደረሰው መድረስ ያልነበረበት ነገር ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የኢስታንቡል ስምምነት አንቀጽ 48 በሴቶች ላይ በሚፈጸም ጥቃት ጉዳይ አስገዳጅ ማስማማትን ይከለክላል። ምክንያቱ እርስዎ የጻፉት እስክሪብቶ ነው። አንዱ ሌላውን በሚፈራበት ክፍል ውስጥ «እሺ» የሚለው ቃል ስምምነት አይደለም። አስቀድሞ ለየብቻ ማነጋገርም ለወግ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ እዚያ ላይ ነው ጉዳዩ ለማስማማት ይሆናል አይሆንም የሚለው የሚለየው። ጥቃት ባለበት ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይሞከርም። ሴትየዋ ራሷ ከፈለገች ደግሞ ሰዎቹ በተለያየ ክፍል፣ አንዳንዴም በተለያየ ቀን ተቀምጠው አስማሚው ይመላለሳል።

አሁን ወደ አክስት ጉዳይ። እኔ ይህን አሠራር የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ግን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ፤ እሱም የኃይል ልዩነት ነው። ሁለት ነጋዴዎች ሲጣሉ ሁለቱም ትተውት መሄድ ይችላሉ። እዚህ ግን አንደኛው ወገን የሌላኛውን ልጆች ይዟል። እናት «አልስማማም» ስትል «ተባባሪ አይደለችም» ተብሎ ይጻፍብኝ ይሆን ብላ ታስባለች። ስለዚህ ፈቃደኛ ናት ሲባል ፈቃዷ ምን ያህል ነፃ ነው? እህትሽ ደስ ማለቷ ጥሩ ነው፤ ደስ ያላት ግን ሌላ በር ስለሌላት ይሁን አይሁን ማንም ሊያውቅላት አይችልም። ጠበቃ ይዛ ትግባ። ጠበቃው በየደቂቃው የሚናገር አይሁን፤ «እዚህ ላይ ቆይ፣ ወጥተን እንነጋገር» የሚላት ሰው ይሁን።

ስለ ምስጢር ደግሞ በደንብ ጠይቁ። በብዙ አገሮች ማስማማት ላይ የተነገረ ነገር ኋላ ችሎት ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። እህትሽ «አንዳንድ ማታ አሁንም ያምረኛል» ብትል ያ ቃል ተመልሶ እንዳይወጋት ማለት ነው። ግን ወሰን አለው። በልጅ ላይ የደረሰ አዲስ፣ ያልተነገረ ጉዳት ከተሰማ ወይም ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ይነገራል። ይህ ወሰን ከመጀመሪያው በግልጽ መነገር አለበት። የወንጀል ክስ ካለም እሱ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ማንም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አይደራደርበትም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ አባት የጻፈው ያሳሰበኝ ነውና። ማስማማት የሕጉን ሰዓት ላያቆመው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሕግ መሠረት ልጅ ከ22 ወር ውስጥ 15ቱን ከቤቱ ውጭ ከቆየ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ መንግሥት የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ማመልከት አለበት። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ በ26 ሳምንት እንዲያልቅ ሕጉ ያዛል። እናንተ ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ጠበቃችሁን ጠይቁ፤ ከዚያ «በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ካልተስማማን ወደ ዳኛ እንመለሳለን» ብላችሁ ገደብ አስቀምጡ።

ያኔ ልጅ የነበርኩ

እስካሁን የተጻፈውን በሙሉ አነበብኩ። ስለ እናት፣ ስለ አባት፣ ስለ ሠራተኛው ብዙ ተባለ። ልጅቷ 9 ዓመቷ እንደሆነ ከመጀመሪያው ፖስት በኋላ ማንም አልጠቀሰም። አክስት፣ አልቆጣሽም። እኔም ያቺ ልጅ ስለነበርኩ ነው።

11 ዓመቴ ነበር። ትልልቆቹ ተሰብስበው ተስማሙ። ጥሩ ስምምነት ነበር ይላሉ፤ ዛሬ ሳየው እኔም ጥሩ ነበር እላለሁ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን የማየው በሌላ ከተማ ስለሆነ ታናሽ ወንድሜን የማገኝበት ቀን ጠፋ። እሱ የተቀመጠው ሌላ ቤት ነው፤ የሱም ነፃ ቀን ቅዳሜ ብቻ ነበር። ማንም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቀኖቹን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አውቀው ነበር። ቢጠይቁኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር እነግራቸው ነበር። ወንድሜን ለአንድ ዓመት ከምናምን አላየሁትም።

«ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ግን አትጠይቋት። በፍጹም። ያ ጥያቄ ልጅን ዳኛ ያደርጋል፤ የመረጠችውንም ያልመረጠችውንም ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከማለች። ትንንሹን ጠይቋት። ማታ ምን ያስፈራታል? እናቷ ቤት ስትሄድ ምን ይዛ መሄድ ትፈልጋለች? ምን ቢለወጥ ደስ ይላታል?

የልጆቹ አክስት

ሁላችሁንም አንብቤ ተንቀጠቀጥኩ። አመሰግናለሁ። ያኔ ልጅ የነበርሽ፣ ልክ ነሽ። ራሴን ታዘብኩት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እኔ እናት አይደለሁም፣ ሠራተኛ አይደለሁም፤ እዚያ ወንበር ይኖረኛል? ሁለተኛ፣ ልጅቷ ስብሰባው ላይ ትገኝ ወይ? እናቷ ስታለቅስ እንድታይ አልፈልግም።

አስማሚ የነበርኩ

ወንበር ይኖርሻል፤ ከሌለሽ ጠይቂ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. የ1989ኙ ማለቴ ነው፣ አንቀጽ 9 ላይ ልጅን ከወላጅ መለየት ሲታይ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሁሉ ሐሳባቸውን የሚያሰሙበት ዕድል ይሰጣቸው ይላል። በየቀኑ የምታበያቸው አንቺ ሆነሽ ጉዳዩ አይመለከትሽም የሚል ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

ልጅቷን በተመለከተ፣ አንቀጽ 12 የራሱን ሐሳብ መያዝ የሚችል ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመናገር መብት አለው ይላል። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማብራሪያ ላይ ደግሞ አገሮች የዕድሜ ገደብ እንዳያበጁ ይመክራል። ግን ይህ ግዴታዋ አይደለም፤ መብቷ ነው። መናገር ካልፈለገች አትናገር። ሐሳቧ መሰማት አለበት ሲባልም ክፍሉ ውስጥ ትቀመጥ ማለት አይደለም። ለ9 ዓመት ልጅ እኔ የማምንበት መንገድ ከልጆች ጋር መነጋገር የተማረ ሰው ቀደም ብሎ ለብቻዋ ያነጋግራት፤ ከዚያ «ከነገርሽኝ ውስጥ የትኛውን ልንገራቸው? የትኛው ይቅር?» ብሎ ይጠይቃት። ይዞ የሚገባው እሷ የፈቀደችውን ብቻ ነው፤ ወሰኑ ጠበቃው የጻፈው ነው፣ አደጋ ካለ ይነገራል። ይህንንም አስቀድሞ ይንገራት። ከስብሰባው በኋላ ተመልሶ ምን እንደተወሰነ፣ የጠየቀችው ካልሆነም ለምን እንዳልሆነ ይነግራታል። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ይረሳል፤ ልጅቷ ተናግራ መልስ ሳታገኝ ትቀራለች።

ዘመድ ብዙ ከሆናችሁ ሌላም አሠራር እንዳለ ልጥቀስ። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ሕግ የቤተሰብ ጉባኤ የሚባል አለ፤ ከማኦሪ ሕዝብ አስተሳሰብ የተወሰደ ነው። ሠራተኞቹ መረጃቸውን ሰጥተው ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ቤተሰቡ ብቻውን ተቀምጦ ዕቅድ ያወጣል። ለእናንተ ከሠራተኛው ጋር ያለው አለመግባባት ነው ዋናው፤ ስለዚህ አስማሚው የሚሻል ይመስለኛል።

ጉዳይ ያዥ

በዚህ ላይ፣ ሠራተኛውን «ገና ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። በቁጣ ሳይሆን ለማወቅ። «ምን ብታይ ነው ደርሷል የምትለው?» በሉት። እኛ አንዳንዴ ራሳችን አናውቀውም።

የልጆቹ አክስት

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። አምስት ሳምንት አለፈ። ሁለት ጊዜ ተቀመጥን። እንዳለቀ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው የቆየሁት።

አስማሚዋ አስቀድማ ሁላችንንም ለየብቻ አነጋገረችን። እኔን አንድ ሰዓት ያህል። ካልሲውን ነገርኳት፤ አልቅሼ ነው የነገርኳት። ከመሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን የያዘውም፣ መወሰን የሚችለው ኃላፊውም መጡ፤ ይህን እዚህ ተምሬ ነው የጠየቅኩት፤ አባት፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከባድ ነበር። እህቴና ሠራተኛው እኔን እያዩ ነው የሚነጋገሩት፤ አንዱ ሌላውን አያይም። ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጠየቅኩት። ምን ብታይ ነው ደርሷል የምትለው አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ሦስት ነገር ዘረዘረ። ሁለተኛው «ሕክምናውን ሦስት ወር ሳታቋርጥ መከታተሏን የሚገልጽ ወረቀት» ነበር። እህቴ ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀቱ እዚያው ነበር፤ ከታጠፈበት ብዛት ጠርዙ ተበልቷል። ሁለት ወር ሙሉ ይዛው ስትዞር ነበር። ለምን አልሰጠሽኝም ሲላት «ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ብሰጥህም አታምነኝም ብዬ ነው» አለችው። ተቀብሎ አነበበው። ይቅርታ ጠየቃት። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ይቅርታ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሁሉም አልተፈታም። እህቴ ወዲያው እንዲመለሱላት ፈልጋ ነበር፤ አልሆነም። መጀመሪያ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዚያ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ በሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት ማደር። እያንዳንዱ ከምን በኋላ እንደሚጀምር ተጽፏል። ብትጠጣ ምን ይሆናል የሚለው ላይ ረጅም ጊዜ ወሰድን። የተጻፈው እንዲህ ነው፦ ጠጥታ ከሆነ ወይም ልጠጣ ነው ብላ ከፈራች ራሷ ትደውልልኛለች፤ ልጆቹ ያን ዕለት እኔ ጋ ያድራሉ፤ ራሷ ከደወለች ያ ብቻውን ጉብኝቱን አያሰርዝም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ግን ለሠራተኛው ይነገረዋል። ሠራተኛው ይህን ለመቀበል ተቸግሮ ነበር። ጠበቃዋ «መደወል ቅጣት ካስከተለባት አትደውልም፤ የዚያን ማታ በሩን የቆለፈችው ማንንም መጥራት ስለማትችል ነው» አለው። ኃላፊው ተቀበለ።

ልጅቷን ያነጋገራት ሰው ከእሷ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው እናቷ ማታ ከመተኛቷ በፊት እንድትደውልላት ነው። ሁለተኛው የእናቷ ቤት ቁልፍ ነው። የራሷ ቁልፍ። ከእንግዲህ እዚያ ቤት ካደረች በሩን ከውስጥ መክፈት መቻል ትፈልጋለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰባት ወር አብራኝ ስትኖር አንድም ቀን አልነገረችኝም። እህቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ማንም አላቻኮላትም። ሲወጣላት ከቁልፍ መያዣዋ ላይ አንዱን ለመፍታት ትታገል ጀመር፤ ጥፍሯ አልያዝ አላት። አስማሚዋ አሁን አይደለም፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ እንጻፈው አለቻት።

ዳኛው የሚያየው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ያኔ ልጅ የነበርኩ

አክስት፣ ለልጅቷ ተመልሶ የነገራት አለ?

የልጆቹ አክስት

አዎ፣ ያው ሰውዬ በማግስቱ ቤት መጣ። ቁልፉ ተፈቅዷል፣ ዳኛው ካጸደቀው በኋላ ይሰጥሻል አላት። የት እንደተጻፈ አሳየኝ አለችው። ተራ ቁጥር 6 ላይ ነው። ጣቷን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ለወንድሟ ልታነብለት ጠራችው።

ስልኩ ግን ተጀምሯል። በየማታው 2 ሰዓት ላይ ነው።